የሌሊት ዘበኛ የሰውነት ሰዓት ያለ ትልቅ ማሽን እንዴት ይጠናል?

የጣርማበር ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፌን እሠራለሁ።

አባቴ እዚሁ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ነው። ማታ 12 ሰዓት ይገባል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይወጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀን ቀን ሲተኛ ድምፅ እንዳናሰማ በእግር ጣታችን ነበር የምንሄደው። እሱ ግን ሁሌም "የቀን እንቅልፍ አይጠግብም" ይላል። ለምን እንደማይጠግብ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጽሑፌም ከዚያ ተነሣ።

12 ዘበኞች ለ14 ቀን መቼ እንደተኙ፣ መቼ እንደተነሡ መዝግበውልኛል። ከፊሉ በደብተር፣ ከፊሉ በስልክ አፕ ነው። ለአባቴ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚቆጥር የእጅ አምባር ተውሼ አሰርኩለት። አሁን ሦስት ችግር ገጥሞኛል።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ትርጉም አልሰጥ አለኝ። ሁለት ሰዎች በሥራ ሰዓታቸው የተኙ ይመስላል። ሁለተኛ፣ አምባሩ አባቴ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ተኝቷል ይላል። አባቴ ሲሰማ ከፋው። "ልጄ፣ አልተኛሁም። ጋቢዬን ተከናንቤ በሩን እያየሁ ነበር" አለኝ። ሦስተኛ፣ ጓደኞቼ "ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚመዘግብ ማሽን) ከሌለሽ አንጎልን አጠናሁ አትበይ" ይሉኛል። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

የሞገድ ሰው
የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ኢኢጂ እሠራለሁ። ጓደኞችሽ በከፊል ልክ ናቸው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ፀጉር ነው። ከገጠር የመጡ እናት ሹሩባ ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው ይመጣሉ። ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሹሩባው ይፈታል፣ ፀጉሩ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በሜትር እለካለሁ። በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ካለው ጎድጓዳ ቦታ እስከ ማጅራት ጉብታ፣ ቀጥሎ ከጆሮ እስከ ጆሮ። ርዝመቱ በመቶ 10 እና በመቶ 20 እየተባለ ይከፈላል። "አስር ሃያ" የምንለው ዘዴ እሱ ነው። በየነጥቡ ቆዳውን አሸት አደርግና በቅባት ኤሌክትሮድ እለጥፋለሁ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ" እላለሁ። ወዲያው ከኋላ በኩል ያለው መስመር ይስተካከላል። በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። "ይክፈቱ" ስል ይጠፋል። አልፋ ሞገድ ይባላል። ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው አንጎል ሞገድ መዘገበ፣ በ1929 አሳተመው። እሱም ይህንኑ ነበር ያየው። ስንት ዓመት ሠርቼበት እስካሁን ያቺ ቅጽበት ትደንቀኛለች።

ምልክቱ እጅግ ትንሽ ነው። የሚለካው በቮልት ሚሊዮንኛ ነው። ታካሚው ጥርሱን ጠበቅ ካደረገ የመንጋጋው ጡንቻ ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል። ታካሚው ሲተኛ ሞገዱ ይዘገያል፣ ይረዝማል። በጥልቅ እንቅልፍ በሴኮንድ ከ4 በታች ይወርዳል። ከዚያ ዓይን ከሽፋኑ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበት፣ ብዙ ሕልም የሚታይበት ክፍል ይመጣል። እሱን አሴሪንስኪና ክላይትማን ቺካጎ ውስጥ በ1953 አሳውቀዋል። አንዱ ዙር ወደ 90 ደቂቃ ይወስዳል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ኢኢጂ የሚነግርሽ አንጎሉ አሁን ነቅቷል ወይስ ተኝቷል፣ ከተኛስ ምን ያህል ጠልቋል የሚለውን ነው። የሰውነት ሰዓት፣ ማለትም ቀንና ሌሊትን ከውስጥ የሚቆጥረው፣ ስንት እንደሆነ ግን አይነግርሽም። ያ ሰዓት የሚገኘው ከአንጎል ሥር፣ ሃይፖታላመስ ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት በላይ ነው። ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክሊየስ ይባላል። ግራና ቀኝ ጥንድ ነው፤ አንዱ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሁለቱ ተደምረው ወደ 20,000 የነርቭ ሴል አላቸው። እኔ ከራስ ቅል ላይ የምለጥፈው ኤሌክትሮድ እዚያ አይደርስም።

ኤምአርአይስ ብትይ፣ ለአንጎል ሥራ የሚጠቀሙበት ዓይነት የሚያየው የደምን ኦክስጅን ነው። ደም ደግሞ ከነርቭ ሥራ በሴኮንዶች ወደ ኋላ ይቀራል። ቦታን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ጊዜን ግን አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ለዪ። የምታጠኚው እንቅልፉን ነው ወይስ ሰዓቱን? ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ቁጥር ወዳድ
ስታቲስቲክስ ነው ያጠናሁት። እስቲ ትርጉም አልሰጥ ያለሽን ቁጥር እንዳለ እዚህ ለጥፊው። ስም ግን አትጻፊ።

የጣርማበር ልጅ
እሺ። አንደኛው ሰው በደብተር የጻፈው፦ ሰኞ 2–7፣ ማክሰኞ 3–7፣ ረቡዕ 2–8።
ሌላው ስልክ የሚጠቀም ነው፦ ሰኞ 8–1፣ ማክሰኞ 8–1፣ ረቡዕ 2–7፣ ሐሙስ 9–1።
ሁለቱም የሚሠሩት ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12 ነው።

ቁጥር ወዳድ
ተገኘ! ሁለቱ ሰዎች የሚተኙት በተመሳሳይ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት 2 ተኝቶ ቀን 7 ይነሣል። ሁለተኛውን በእኛ አቆጣጠር ብታነቢው ከሰዓት 8 ተኝቶ ምሽት 1 ተነሣ ይሆናል። ግን 12 ሰዓት ሥራ ገብቷል! አይሆንም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያየውን የፈረንጅ ሰዓት ነው የጻፈው። የእነሱ 8 የእኛ ጠዋት 2 ነው፤ የእነሱ 1 የእኛ 7። ረቡዕ ዕለት ደግሞ በእኛው ጻፈና 2–7 ሆነ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ሳታዪ አማካይ ብታወጪ ኖሮ የሌለ ሰው የሰውነት ሰዓት ታገኚ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የሰዓት አማካይ እንደ ተራ ቁጥር አይወጣም። አንዱ ቀን 11 ሰዓት፣ ሌላው ቀን 1 ሰዓት የተኛ ሰው አማካዩ 12 ነው። ደምረሽ ለሁለት ብትካፈዪ ግን 6 ይልሻል። ሰዓት ክብ ነው። በክብ ላይ የሚሠራ ስሌት አለ፣ እሱን አሳይሻለሁ።

ቅጹን እንደገና ሥሪው። ከቁጥሩ ፊት "ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት" የሚል ይኑር። ሰውየው ያክብብ።

የሚያሳስበኝ ግን 12 ሰው ማነሱ ነው። በ12 ሰው ስለ ሌሊት ሠራተኛ ሁሉ መናገር አትችዪም።

መምህር ከሸዋ ሮቢት
ልጄ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በሰው ቁጥር ላይ ከወንድማችን ትንሽ እለያለሁ። በዚህ ሙያ ብዙ ነገር የታወቀው ከጥቂት ሰው በብዙ ልኬት ነው። አንዳንዴም ከአንድ ሰው፤ እንዲያውም ከአንድ ተክል። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

በ1729 ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ ቀን ቅጠሉን የሚዘረጋ፣ ማታ የሚያጥፍ ተክል ወስዶ ጨለማ ውስጥ አስቀመጠ። ፀሐይ ሳያይ ተክሉ በሰዓቱ መዘርጋቱንና ማጠፉን ቀጠለ። እኔ ይህን በቦሎቄ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። እዚህ ቆላው ላይ ቦሎቄ ሞልቷል። በቆርቆሮ ተክለን ቁም ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን። ጠዋት ሲከፈት ቅጠሉ ተነሥቷል፣ ማታ ወድቋል። ብርሃን የለም። አንድ ልጅ "መምህር፣ ማን ነገረው?" አለኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ክፍሌ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ሰውስ? በ1938 ክላይትማንና አንድ ረዳቱ አሜሪካ ኬንታኪ ያለ ትልቅ ዋሻ ገብተው 32 ቀን ተቀመጡ። ቀኑን 28 ሰዓት አድርገው ለመኖር ሞከሩ። ረዳቱ ለመደው። የክላይትማን የሰውነት ሙቀት ግን በ24 ሰዓት መመላለሱን አልተወም። በ1962 ሚሼል ሲፍር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ሰዓት ሳይዝ አልፕስ ተራራ ሥር ዋሻ ገባ። ሁለት ወር ቆየ። መስከረም 14 ሲያወጡት እሱ በራሱ ቆጠራ ገና ነሐሴ 20 ላይ ነበር፤ በእነሱ ወር ነው የምላችሁ። 25 ቀን ጠፍቶበታል። ሲተኛና ሲነሣ የነበረው ግን ወደ 24 ሰዓት ተኩል በሚጠጋ ዙር ነበር። አእምሮው ቀኑን ሲስት ሰውነቱ አልሳተም።

ከዚያ ጀርመን አንዴክስ በሚባል መንደር አሾፍና ቬቨር ድምፅና ብርሃን የማይገባበት ቤት ከመሬት በታች ሠሩ። ሰው እየገባ ለሳምንታት ይኖር ነበር። ለጽሑፍሽ ዋናው ነገር ይህ ነው። አንዳንዶቹ ላይ እንቅልፍና የሰውነት ሙቀት ተለያዩ። ሙቀቱ ወደ 25 ሰዓት ገደማ ሲዞር የመተኛትና የመነሣት ዙራቸው ግን ከ30 ሰዓት በላይ ሆነ። የሞገድ ሰው "ሁለቱ አንድ አይደሉም" ያለሽ ማስረጃው እዚህ አለ። በኋላ፣ በ1999፣ አሜሪካኖች መብራቱን በጣም አደብዝዘው በጥንቃቄ ሲለኩ የሰው ሰዓት በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያህል ሆኖ ተገኘ። ያችን ትርፍ በየቀኑ የሚያስተካክላት ብርሃን ነው።

ያቺ ጤፍ የምታህል ነገር ሰዓት መሆኗ በምን ታወቀ? በ1972 ሁለት ቡድኖች ከአይጥ አንጎል ውስጥ አጠፏት። አይጦቹ በልተዋል፣ ተኝተዋል፤ ጊዜ ግን ጠፋቸው። በ1990 ደግሞ ቀኑ ወደ 20 ሰዓት ካጠረ ሃምስተር ወስደው ሰዓቱ ለጠፋበት ሌላ ሃምስተር ተከሉለት። ሃምስተር አይጥ መሰል እንስሳ ነው። ተቀባዩ ከዚያ በኋላ በሰጪው ሰዓት፣ በ20 ሰዓት መኖር ጀመረ።

እንግዲህ አባትሽ ቀን ተኝተው ሰዓታቸው ግን "አሁን ቀን ነው" እያላቸው ይሆናል። መጠናት ያለበት ይህ ነው።

ዲያቆን ዘአንኮበር
ደስ የሚል ውይይት ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ለኪዳን ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ። ማንቂያ ደውል የለኝም። ሁሌ ከዶሮ ጩኸት ጋር ነው የምነቃው። አንዳንዴም ቀድሜው ነቅቼ ስጠብቅ ይጮኻል። ዶሮውስ ሳይነጋ በምን ያውቃል? እኔስ?

መምህር ከሸዋ ሮቢት
ዲያቆን፣ ለዶሮው መልስ አለ። በ2013 የጃፓን ናጎያ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ቀንም ሌሊትም በማይለዋወጥ ደብዛዛ ብርሃን አኖሯቸው። ዶሮዎቹ ንጋት የሚባል ነገር ሳያዩ በየዕለቱ ሊነጋ ሲል መጮኻቸውን ቀጠሉ። ሰዓቱ ውስጣቸው ነው። አባቶቻችን ሌሊቱን "የመጀመሪያ ዶሮ" ብለው መቁጠራቸው ልክ ነበር።

የሞገድ ሰው
ለእርስዎም አለ። በ1999 ጀርመኖች ሰዎችን "ነገ 12 ሰዓት እንቀሰቅሳችኋለን" ብለው አስተኝተው ሌሊቱን ሙሉ ደማቸውን ለኩ። ሊነሡ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀራቸው ሰውነትን ለመንቃት የሚያዘጋጀው ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን መጨመር ጀመረ። ዘግይተው እንደሚነሡ በተነገራቸው ላይ ያን ሰዓት እንዲህ አልጨመረም። ተኝተው እየጠበቁ ነበር ማለት ነው።

እናት ከሰላድንጋይ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። የ9 ዓመት ልጄን የሚጥል በሽታ ይዞታል። ኢኢጂ ታዞለታል። "ሌሊቱን እንዳይተኛ አድርጊ" ተባልኩ። ልጅን እንቅልፍ መከልከል ጭካኔ መሰለኝ። ለምንድን ነው? ጠበልም እናስጠምቀዋለን።

የሞገድ ሰው
እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም። እንቅልፍ ያጣ አንጎል የተደበቀውን ምልክት በቀላሉ ያወጣል። ምርመራው ላይ ሲያንቀላፋ ደግሞ ብዙ የሚጥል ምልክት የሚታየው ያኔ ነው። ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ተራ ተራ እየተቀባበላችሁ አጫውቱት። ብቻውን አትተዉት።

ሁለት ነገር ያዢ። ኢኢጂው ንጹሕ ነው ቢሉሽ በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት አልታየም ማለት ነው። መድኃኒቱን ደግሞ ሐኪሙ ሳያዝዝ እንዳታቋርጪ፣ ለምርመራው ብለሽም ቢሆን። ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። ፀጉሩን አጥበሽ፣ ቅባት ሳትቀቢው አምጪው።

እናት ከሰላድንጋይ
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ልቤ አረፈ።

ሌሊት ተረኛ
ደብረ ብርሃን ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው ተረኛ ሆኜ ነው። ስለ ሙቀት እኔ ልናገር።

የሰውነት ሙቀት በቀን ውስጥ እስከ አንድ ዲግሪ ይዋዥቃል። ቀን በሚሠራና ሌሊት በሚተኛ ሰው ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ከፍ ይላል። ተረኛ የሆነ ሁሉ ያችን 10 ሰዓት ያውቃታል። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ መርፌ ሲይዙ እጅ ይከብዳል። እኔ በዚያ ሰዓት የመድኃኒት መጠን ሁለቴ ሳላይ አልሰጥም።

ሙቀት የሰውነት ሰዓትን ስለሚከተል ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃሻል። ግን በሥርዓት። ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። ውጭ ቆሞ የተለካ ብብት የደብረ ብርሃንን ብርድ እንጂ ሰውየውን አይነግርሽም። ቤት ገብተው፣ ጋቢ ለብሰው፣ 20 ደቂቃ ተቀምጠው ይለኩ። ሁሌ በአንድ ብብት ይሁን። በአፍ ካልሽ ሻይ ያበላሸዋል። በየ3 ሰዓቱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሲተኙ ግን አትቀስቅሻቸው። ቡና፣ ጫት፣ ምግብ፣ የመጡበት መንገድ ሁሉ ይጻፍ። ቡና ጠጥተው ወደ 5 ሰዓት ገደማ ቆይቶም ግማሹ ካፌይን ደም ውስጥ አለ።

ሜላቶኒን የሚባለው የጨለማ ሆርሞን ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው። ምራቅ በየግማሽ ሰዓቱ ተወስዶ፣ መብራቱ ደብዝዞ ይለካል። ደማቅ መብራት ካገኘው ይጠፋል። ግን ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንሽም፤ ይቅር።

ብርሃኑን ግን አትርሺ። ጠዋት ወደ ቤት ሲሄዱ ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የሚያገኙት? የጠዋት ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ደመና ከሌለ፣ ብርሃኗ በአሥር ሺዎች ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ይለካል። ቤት ውስጥ አምፖል ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። በእግራቸው የሚሄዱትና በመኪና የሚሄዱት ሊለያዩ ይችላሉ።

አንድ ምክር ከጥናቱ ውጭ። ዘበኞቹ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ ከሰል እንዳያነዱ ንገሪልኝ። መስኮት ይከፈት። ጭሱ ባይታይም ገዳይ ነው። "ድካም ነው" ሲሉ የከረሙት ራስ ምታት ከዚያ ሊሆን ይችላል።

የድሮ ዘበኛ
ልጄ፣ እኔ 12 ዓመት በር ጠብቄያለሁ። አባትሽ አልተኛሁም ካሉ እመኚያቸው። ዘበኛ ዝም ብሎ መቀመጥ ያውቃል። ድንጋይ ይመስላል፣ ጆሮው ግን ውጭ ነው።

ያ አምባር ላይ የተጻፈ ነገር አሠሪ እጅ ቢገባስ? "ይኸው በሥራ ሰዓት ተኝቷል" ተብሎ እንጀራ ይቋረጣል። ይህን አስበሽበታል?

የጣርማበር ልጅ
ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የፋብሪካው ስም ከጽሑፉ ይወጣል። ቅጾቹ ቤቴ ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዳቸው ሄጄ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። መውጣት የሚፈልግ ይወጣል።

የሞገድ ሰው
ጋሼ ልክ ናቸው። አምባሩ የሚያውቀው እጅ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። ጸጥ ብሎ የተቀመጠን ሰው ተኛ ይላል። ለረጅም ቀናት መቼ እንደሚያርፉ ለማየት ጥሩ ነው። እንቅልፍ መሆኑን ማረጋገጥ ግን አይችልም። ይህንኑ ጽሑፍሽ ላይ በግልጽ ጻፊው።

የጣርማበር ልጅ
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ቅጹን በአዲስ ሠራሁት። ፀሐይና ጨረቃ ሣልኩበት፣ ሰዎቹ ያከብባሉ። አንድ ሰው ወጣ፣ 11 ቀሩ። ቁጥር ወዳድ በክብ ስሌት ረድቶኛል። ርዕሱም ጠበበ። ስለ ሌሊት ሠራተኛ ሁሉ አልናገርም። የ11 ሰዎች ሙቀት ከእንቅልፋቸው ጋር ሄዷል ወይስ አልሄደም፣ ያ ብቻ ነው።

የሌሎቹን ገና እየሠራሁ ነው። አባቴ ግን የራሱን እንድነግራችሁ ፈቅዶልኛል። ቴርሞሜትሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይይዘው ነበር። በእርሳስ ነው የጻፈው። ማታ 1 ሰዓት 36.7። ሌሊት 7 ሰዓት 36.3። ሌሊት 10 ሰዓት 35.9፣ ጎጆ ውስጥ፣ ነቅቶ። ቀን 7 ሰዓት ከእንቅልፍ እንደተነሣ 36.6። አሥራ አራቱም ቀን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መምህር ከሸዋ ሮቢት
ልጄ፣ ይህን ልብ በዪ። እንቅልፍ ራሱ ሙቀት ያወርዳል። ስለዚህ የእሳቸው ሰዓት ዞሮ ቢሆን ኖሮ ዝቅ የሚለው ቀን፣ ተኝተው ሳሉ ወይም ሲነሡ አካባቢ ነበር። እሳቸው ግን ነቅተው በር በሚጠብቁበት ሰዓት ነው የወረደባቸው። ስንት ዓመት ሠሩ?

የጣርማበር ልጅ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ወረቀቱን ሳሳየው 10 ሰዓት ላይ በጣቱ ነካ አደረገና "እቺ ናት፤ ጋቢውን ደርቤ የምከናነበው በዚች ሰዓት ነው" አለኝ።